ጾም ያፈረሰው አውራ ዶሮ

ባላምባራስ ወልደሩፋኤል ወደ አንኮበር ግቢ ሲወጡ አራት ጊዜ ይቆማሉ። መጀመሪያ ከምንጩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ከትልቁ ጥድ ሥር፣ ከዚያ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ፣ በመጨረሻም የግቢው በር ሃያ ክንድ ሲቀራቸው። ሹም ሁሉ ከጉብታው ግርጌ ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ መውጣቱ ሥርዓት ነበር። እሳቸውም ይወርዱና፣ ኩታቸውን አስተካክለው፣ ዳገቱን እንደ ባለጋራ እያዩ ይጀምሩታል።

ሕዝቡ ለምን እንደሚቆሙ አያውቅም። ባላምባራስ ቆም ሲሉ ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞራሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ዝም ይላሉ። ይህን ያየ አንድ አቤት ባይ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ ጉዳዩን ቢነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙት። አላቋረጡትም፣ አልተቆጡም፣ "ነገ ና" አላሉትም። ወሬው በአንድ ሳምንት አገር አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ በአራቱም መቆሚያ ባለጉዳይ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ባላምባራስም "የድኻ ጆሮ" የሚል ስም ወጣላቸው።

እውነቱን የሚያውቅ ደብተራ ዘርአ ዳዊት ነበር። የባላምባራስ ደብዳቤ ጸሐፊ ስለሆነ ቀለምና ብራናውን ይዞ በየቀኑ ከኋላቸው ይወጣል። ጌታው የሚቆሙት ለፍትሕ ሳይሆን ለትንፋሽ እንደሆነ በሁለተኛው ቀን ገብቶታል። ሰው የማያቋርጡትም ቃል ማውጣት ስለማይችሉ ነው።

ዘርአ ዳዊት ከጸሐፊነቱ ሌላ ሥር ይምሳል፣ ቅጠል ይቀጠቅጣል፣ ክታብ ይጽፋል። በክታቦቹ እሱ ራሱ ብዙም አያምንም። አንድ ጊዜ ለጥርስ ሕመም የጻፈውን ክታብ በስሕተት ለመካን ሴት ሰጥቷት ሴቲቱ መንታ ወልዳለች፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን መመርመር ትቷል።

የጥምቀት ሰሞን ባላምባራስ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ክንዱን ጨበጡት።

"ደብተራ፣ ደረቴን በጠፍር አስረው የሚጎትቱኝ ይመስለኛል። ሌላ ክታብ ጻፍልኝ።"

"ጌታዬ፣ ሰባት አንጠልጥለዋል።"

"ስምንተኛ ጻፋ።"

ዘርአ ዳዊት ፊታቸውን ቀና ብሎ አየ። በሁለቱም ዓይኖቻቸው ቆብ ላይ፣ ከአፍንጫቸው ወገን፣ የአብሽ ፍሬ የሚያህል ቢጫ ነገር ወጥቷል። ሲነካ ለስላሳ ነው፤ አያምም፣ አያሳክክም። አንድ ሌላ ነገርም ትዝ አለው። ዓምና በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ባላምባራስ ሁለቴ ብቻ ቆመው ግቢ ደርሰው ነበር። ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ሲጋመስ አራቱም መቆሚያ ተመለሰ። ካች አምናም እንዲሁ ነበር።

ነገሩን ሳያመነዥክ በዚያው ቀን ባላምባራስ ቤት ለምሳ ሲቀመጥ አፉ አመለጠው።

የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋወርቅ የሰላ ድንጋይ ባላባት ልጅ ናቸው። ከአባታቸው አገር በየወሩ አራት ቅል ለጋ ቅቤ ይመጣላቸዋል፤ በአንኮበር ጠረኑ እንደሱ ያለ ቅቤ አልነበረም። ባላቸው ጠዋት አፋቸውን ሳይጉመጠመጡ አንድ ዋንጫ የቀለጠ ቅቤ በማር ይጠጣሉ። ወጡ በቅቤ ይዋኛል። ገንፎው መሐል ኩሬ አለው። ወይዘሮዋ ለባላቸው ያላቸው ፍቅር በማንኪያ ይለካ ነበር፤ ማንኪያቸው ደግሞ ትልቅ ነው።

"እመቤቴ፣" አለ ዘርአ ዳዊት፣ "ምናልባት የጌታዬ ሕመም ከቅቤው ይሆን?"

ጠጅ የሚቀዳው ሰው እጁ አየር ላይ ቀረ።

"ቅቤዬ ምን ሆነ?" አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ።

"ቅቤው ምንም አልሆነ። የሚጠጣው ሰው እንጂ…"

"አባቴ ይህንኑ ቅቤ እየጠጣ ነው የኖረው! እስኪሞት ድረስ አልታመመም!"

"ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዴት ነበር የሞቱት?"

"እርሻ ሊያይ ዳገት ሲወጣ ነው" አሉ ወይዘሮዋ ቀስ ብለው፤ ወዲያው ግን "ቢሆንስ!" ብለው ጮኹ።

የቤቱ የንስሐ አባት አባ ገብረ ጻድቅ በቀኝ በኩል ተቀምጠዋል። ጢማቸው ከወጡ የተነሣ እንደ ተቀባ ጠፍር ያብረቀርቃል። "ሕመም የኃጢአት ፍሬ ነው፤ ቅቤ ምን በደለ?" አሉና ገንፎው መሐል ካለው ኩሬ አንድ ጊዜ ጠለቁ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ግን ተነክተዋል። "ቅቤ አካል የሚጎዳ ከሆነ በዓይኔ አሳየኝ፤ እሰማሃለሁ። ካላሳየኸኝ ይህን ደጅ አትረግጥም" አሉት።

ዘርአ ዳዊት በማን ላይ እንደሚያሳይ አሰበ። መጀመሪያ ዓይኑ አባ ገብረ ጻድቅ ላይ አረፈ፤ ለነገሩ ከእሳቸው የተሻለ አይገኝም ነበር፤ ግን አይታረዱም። ስለዚህ ዶሮ ጠየቀ። የአንዲት ዶሮ ልጆች፣ በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ሦስት አውራዎች ተሰጡት። ቅቤውንም በኋላ "የከረመ ቅቤ አበላ" እንዳይባል ወይዘሮዋ ከራሳቸው ቅል ቆርሰው ሰጡት።

ሚስቱ ለተጊዮርጊስ ሦስቱን አውራ ስታይ ለሠርግ መሰላት። ነገሩን ሲነግራት መደቡ ላይ ተዘርራ ሳቀች። ከዚያ ስም አወጣችላቸው። ገብስ ብቻ የሚበላውን "መነኩሴ" አለችው። ገብሱን በቅቤና በእንቁላል አስኳል ለውሶ የሚያጎርሰውን "ባላምባራስ" አለችው። ሦስተኛው እንደ ሁለተኛው እኩል ቅቤና አስኳል ይበላል፤ ግን በላዩ የተወቀጠ ተልባና ሱፍ ይጨመርለታል። እሱን "ደብተራ" አለችው።

"ለምን ደብተራ?"

"የቀረበለትን ሁሉ ስለሚበላ" አለችው።

ነገሩ እስከ ቅበላ ድረስ በሰላም ሄደ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እንግዲህ አስቡት። አገር ምድሩ ሽሮና ጎመን እየበላ ነው። ቅቤ ከአንኮበር ቤቶች ሁሉ ወጥቷል፤ ጠረኑ እንኳ የለም። በዘርአ ዳዊት ጎጆ ግን ጠዋት ጠዋት ቅቤ ይቀልጣል፤ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው በርከክ ብሎ በጣቱ እያነሣ ለአውራ ዶሮ ያጎርሳል። ለተጊዮርጊስ ሁልጊዜ ሲጨርስ እጁን ይዛ ታሸተዋለች።

"ታጥቤአለሁ" ይላታል።

"በውሃ ወይስ በምላስ?" ትለዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ረቡዕ፣ ማኅሌት ቆሞ አድሮ፣ ሆዱ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ቅቤው ጣቱ ላይ ሲቀልጥ፣ ዘርአ ዳዊት ላሰው። አንዴ ብቻ። "ባላምባራስ" የተባለው አውራ ዶሮ አንገቱን ዘመም አድርጎ አየው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን የዶሮውን ዓይን ማየት ተሳነው።

አባ ገብረ ጻድቅ የቅቤውን ጠረን ተከትለው እስከ ጎጆው ድረስ ለመምጣት ብዙ ቀን አልፈጀባቸውም። አንድ ጠዋት በሩን ገፋ አድርገው ገቡና፣ አውራ ዶሮው ምንቃሩ በቅቤ ወዝቶ አዩት። በማግስቱ ዘርአ ዳዊት ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባለው ወይራ ሥር በአምስት ካህናት ፊት ቆመ።

"በሁዳዴ ቅቤ ታበላለህ!" አሉ አባ።

"ለዶሮ ነው አባቴ።"

"ዶሮ የእግዚአብሔር ፍጥረት አይደለም?"

"ነው። ግን አልተጠመቀም።"

ካህናቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ሳቁን በመስቀሉ ሸፈነ። ክርክሩ ሄደ መጣ፤ ዶሮ ጾም አለበት ከተባለ ጥጃም እናቱን መጥባት ይተው እንደሆነ ተጠየቀ፤ ንብ በፍልሰታ ማር ትብላ አትብላ ተባለ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ቄስ ነገሩን ወደ አጭር አመጡት።

"ዶሮው ይብላ። አንተስ ቀምሰሃል?"

ዘርአ ዳዊት ውሸት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወይራው ሥር በባዶ ሆድ መዋሸት ከበደው።

"ጣቴን ልሻለሁ። አንድ ጊዜ።"

መቶ ስግደት ተፈረደበት። አባ ገብረ ጻድቅ አጠገቡ ቆመው ቆጠሩለት፤ ሰባ ላይ ሲደርስ ስለ ቅቤው ጣዕም ጠየቁት።

በዚህ ሁሉ መካከል ዘርአ ዳዊት አንድ ነገር ታዘበ። "ደብተራ" የተባለው አውራ ኩስ እንደ ሁለቱ አይደለም፤ ይወዛል፣ በፀሐይ ያብረቀርቃል። በእንጨት ቆንጥሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሸው፤ ድንጋዩ ሻማ የተቀባ ይመስል ለሰለሰ። "ባላምባራስ" እኩል ቅቤ ይበላል፤ ኩሱ ግን ደረቅ ነው።

"ለተጊዮርጊስ! ነይ እዪ! አንደኛው ቅቤውን ውስጡ ያስቀረዋል፤ ሌላው በታች ይሰደዋል!"

"ዜማ ተምረህ፣ ቅኔ ተምረህ፣" አለችው ከበሩ ሳትወጣ፣ "መጨረሻህ ኩስ ማሸት ሆነ።"

ባላምባራስ ወልደሩፋኤል በበኩላቸው እንደ ልማዳቸው በጾሙ ደህና ሆኑ። በደብረ ዘይት ሰሞን ሁለቴ ብቻ ቆመው ወጡ። አባ ገብረ ጻድቅ ጸሎታቸው እንደሠራ በየቤቱ አወሩ።

ፋሲካ ጠዋት ሦስቱ አውራዎች በቅርጫት ሆነው ባላምባራስ ግቢ ደረሱ። ቤተ ሰቡ፣ አሽከሩ፣ የንስሐ አባቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ለተጊዮርጊስ ቅርጫቱን ከፍታ ቢላዋ ለያዘው ባሏ ጮክ ብላ፦

"በመጀመሪያ ባላምባራስን እረደው!" አለች።

ሁለት አሽከሮች እጃቸውን ወደ ሰይፋቸው ሰደዱ። ዘርአ ዳዊት ቢላዋውን ጥሎ መሬት ላይ ወደቀና የዶሮዎቹን ስም አንድ በአንድ ተናዘዘ። ባላምባራስ መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዚያ ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን ወፍራም ዶሮ አጎንብሰው አዩት። ዶሮው ሦስት እርምጃ ሄዶ ቁጭ አለ፣ ምንቃሩን ከፍቶ አለከለከ።

"ያው እኔ ነኝ" አሉ ባላምባራስ። "እረደው።"

የሦስቱም ደም በየራሱ ሸክላ ተቀመጠ። የ"መነኩሴ" ደም ሲረጋ ከላይ ያቀረረው ውሃ የጠራ ነው። የ"ባላምባራስ" ግን እንደ አጓት ነጣ። አሽከሮቹ አማተቡ። ዘርአ ዳዊት ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ወይዘሮ ሸዋወርቅ በእጃቸው ገለል አደረጉት። እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢላዋውን ያዙ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዶሮ ሲገነጥሉ የኖሩ ናቸው፤ የዶሮ ሆድ ዕቃ የሚያውቁትን ያህል ዘርአ ዳዊት ዳዊት አያውቅም።

የ"መነኩሴ"ን ጉበት አወጡ። ጥቁር ቀይ፣ ጠንካራ። አስቀመጡት። የ"ባላምባራስ"ን አወጡ። ያበጠ ነው፤ ቢጫ ነው። በጣታቸው ጫን ሲሉት ፈረሰና ጣታቸው ላይ ቀረ። ከልቡ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር በቢላዋ ጫፍ ሰነጠቁ፤ በውስጡ ትንንሽ ቢጫ ጠብታዎች ተጣብቀዋል።

ወይዘሮዋ ጣታቸውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው የባላቸውን ዓይን አዩ፤ እዚያ ቆቡ ላይ ያለውን ቢጫ።

"በገዛ እጄ ነው እንዴ?" አሉ። ድምፃቸው ተሰባበረ። "ሃያ ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ?"

ባላምባራስ ሚስታቸው ሲያለቅሱ አይተው አያውቁም ነበር። ተነሥተው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ፣ በደም የተነከረውን እጃቸውን ያዙ። "ጣፍጦኝ ነው የጠጣሁት፤ ማን አስገደደኝ" አሏቸው።

"ሦስተኛው ይቀራል እመቤቴ" አለ ዘርአ ዳዊት።

ወይዘሮዋ አፍንጫቸውን በክንዳቸው ጠርገው የ"ደብተራ"ን ሆድ ከፈቱ። ጉበቱ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ግን ቀይ ነው፣ ጠንካራ ነው። የደም ሥሩም ንጹሕ ነው።

"ይኸኛውም ቅቤዬን በልቷል?"

"እኩል። አንዲት ማንኪያ አላጎደልኩበትም። ተልባና ሱፍ ነው የተጨመረለት።"

"እንዴት ይሆናል?" አሉ ባላምባራስ።

ዘርአ ዳዊት ስለዚህ ነገር ኩስ ሲያሽ ብዙ አስቦበታል። "ጌታዬ፣ ግብር ሲበላ ነጭ ለብሶ ያልተጠራ ሰው ይገባ የለም? በረኛው ከተጠራው መለየት ያቅተዋል። አዳራሹ ይሞላል፤ የተጠራው ሹም ሲመጣ ቦታ የለም፣ ይመለሳል። የተልባው ስብና የቅቤው ስብ መልካቸው የሚመሳሰል ይመስለኛል። ተልባው ቀድሞ በሩን ይይዝና ቅቤው ገሚሱ ሳይገባ በታች ይሄዳል። ኩሱን ልብ ብዬ አይቻለሁ።"

"በፋሲካ!" አሉ አባ ገብረ ጻድቅ።

"ቅቤው ይቅር ነው የምትለኝ?" አሉ ወይዘሮዋ።

"ቢቀር ይሻላል።"

"አይቀርም። የሰላ ድንጋይ ሰው ምን ይለኛል?"

ተከራከሩ። የጠዋቱ ዋንጫ እንዲቀር፣ በቦታው የተልባ ውሃ እንዲሆን ተስማሙ። ከማንኛውም ወጥ በፊት የሱፍ ፍትፍት እንዲቀርብ፣ የወጡም ቅቤ በግማሽ እንዲቀነስ፣ ማንኪያውም በትንሽ ማንኪያ እንዲለወጥ ወይዘሮዋ ራሳቸው ፈረዱ። ከዚያ ሦስቱም ዶሮዎች ወጥ ሆኑ። የ"ባላምባራስ"ን ሥጋ ማንም ሊነካው አልፈለገም፤ አባ ገብረ ጻድቅ ብቻቸውን ጨረሱትና፣ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ የሚጥም ዶሮ በልተው እንደማያውቁ መሰከሩ።

ፋሲካ አለፈ፣ በዓለ ሃምሳ አለቀ። አራቱ መቆሚያ አልተመለሱም። በሰኔ መጀመሪያ ባላምባራስ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሙ። በሰኔ መጨረሻ ከምንጩ እስከ ግቢው በር በአንድ ትንፋሽ ወጡ፤ ዘርአ ዳዊት ነው ከኋላ ሲያለከልክ የቀረው።

ማንም ያላሰበው ነገር የመጣው ያኔ ነው። አንድ ጠዋት እመት በሰለች የሚባሉ አሮጊት የዘርአ ዳዊት ደጃፍ ላይ ድንጋይ አምጥተው ተቀመጡ።

"ባላምባራስን ያዳንካቸው አንተ ነህ?"

"እግዚአብሔር ነው እንጂ…"

"እግዚአብሔርን ተወው፤ አንተን ነው የጠየቅኩህ። የባሌ ወንድም የወሰን ድንጋይ ነቅሎ መሬቴን በላ። ከሁዳዴ ጀምሮ ጥዱ ሥር እጠብቃቸዋለሁ። እንደ ሚዳቋ ያልፉኛል! ትናንት ሮጬ ልደርስባቸው ስል ጉልበቴ ተላላጠ። ወይ ሕመማቸውን መልስ፣ ወይ ጉዳዬን አንተ ስማ።"

ብቻቸውን አልነበሩም። በማግስቱ ሌሎች አራት መጡ። ለተጊዮርጊስ ለሁሉም ቂጣ ማቅረብ ሲሰለቻት ባሏን ወደ ባላምባራስ ገፋችው።

ባላምባራስ ነገሩን ሲሰሙ በሩ መዘጋቱን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዘርአ ዳዊት፣ ለማንም የማልነግረውን ልንገርህ። ያኔ አንዳቸውንም አልሰማኋቸውም። ጆሮዬ ውስጥ የሚደልቀው ደሜ ብቻ ነበር።"

"ፍርዱስ?"

"ትንፋሼ ሲመለስ ሲናገር ለደረስኩበት እፈርድለት ነበር።"

ዘርአ ዳዊት ያንን ሁሉ ፍርድ በእጁ ጽፏል።

"ከእንግዲህ ግን በእውነት እሰማለሁ" አሉ ባላምባራስ፤ ከልባቸው ነበር። በማግስቱ ጥዱ ሥር ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ፤ መጀመሪያ የቀረቡትም እመት በሰለች ነበሩ። ባላምባራስ ሰሙ። ግን አሁን ትንፋሽ ስላላቸው መናገር ይችላሉ፤ አሮጊቷ አራት ቃል ሳይናገሩ "ቆዪ፣ ቆዪ" አሏቸው። ሦስት ጊዜ አቋረጡ። አሮጊቷ "ምስክር አለኝ" ሲሉ "ገባኝ፣ ገባኝ" አሉ። በመጨረሻም ለባላቸው ወንድም ፈረዱ።

እመት በሰለች ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ዘርአ ዳዊት ዞሩ። "ሹም እንዳሳጣኸን እግዜር ይይልህ" ብለውት ወረዱ።

ግን አላረፉም። ክረምቱ እንደወጣ ይግባኝ ብለው እስከ ላይኛው ችሎት ጮኹ፤ በኅዳር መሬታቸውን አስመለሱ። ወሬው ባላምባራስ ዘንድ ሲደርስ ቤተኛው ሁሉ ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ሲያስቡ ዋሉ፤ በነጋታው ዘርአ ዳዊትን አስጠሩ።

"ብራናህን ይዘህ እመት በሰለች ዘንድ ውረድ" አሉት። "ያልሰማሁት ምስክር ምን እንዳለ ጠይቅልኝ። አታቋርጣት።"

ወረደ። እመት በሰለች አዲስ በተተከለው የወሰን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። መጀመሪያ አላናግርህ አሉት፤ ከዚያ ከአማታቸው ዘመን ጀምረው ነገሩት፤ እሱም አንዲት ቃል ሳይጥል ጻፈ። ሲጨርሱ የማሳው ጤዛ ደርቆ ነበር።